ብርሃን የቁስን ጠባይ ሲገዛ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም በዚህ ዓምድ «ቶፖሎጂያዊ» ስለሚባሉት የኳንተም ቁሶች አንዲት አጭር አንቀጽ አስፍረን ነበር። በአንቀጿ ውስጥ እነዚህ ቁሶች በሆዳቸው ኤሌክትሪክ የማያሳልፉ ሆነው ሳለ በጠርዛቸው ወይም በገጻቸው ላይ ግን እንደሚያሳልፉ፣ ይህም ጠባያቸው በሌዘር ብርሃን ለአጭር ቅጽበት ሊለወጥ እንደቻለ ገልጸን ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱን ጥያቄዎች ብዙ ስለሆኑ የዚህን ወር ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የሒሳብ መምህር ነኝ። ቶፖሎጂ ስለ ቅርጾችና ስለ ቀዳዳዎቻቸው የሚያጠና የሒሳብ ዘርፍ መሆኑን አውቃለሁ። የውጭ መጻሕፍት ሁልጊዜ ጆሮ ያለውን የቡና ኩባያና መሐሉ ክፍት የሆነውን ዶናት በምሳሌነት ያቀርባሉ። ነገር ግን ድፍን በሆነ ክሪስታል ውስጥ የሚቆጠረው የትኛው ቀዳዳ ነው?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ከምሳሌው ልጀምር፤ ምክንያቱም የእኛ ቤት ዕቃ ከኩባያው የተሻለ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ። የእኛ ሲኒ ጆሮ የለውም። ስለዚህ በቶፖሎጂ ዓይን ሲኒ ከሳሕንም ሆነ ከድቡልቡል ጭቃ አይለይም፤ ጭቃውን ሳይበሱና ሳይቀጥሉ በመጫንና በመሳብ ብቻ ሲኒ ማድረግ ይቻላልና። ጀበና ግን እጀታ አለው። በእጀታውና በአንገቱ መካከል ጣት የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ስላለ ቁጥሩ አንድ ነው። ከአንገቱ ሌላ በጎኑ መቅጃ አፍንጫ የወጣለት ጀበና ደግሞ ቁጥሩ ሁለት ይሆናል፤ በአፉ የገባ ክር በአፍንጫው ሊወጣ ይችላልና። ሸክላ ሠሪዋ አንዱን ጀበና ረዘም፣ ሌላውን ወፈር ብታደርገው፣ አንገቱም ጥቂት ቢጣመም ቁጥሩ አይለወጥም። የሚለወጠው እጀታው ሲሰበር ወይም አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ ብቻ ነው። አንድ ተኩል ቀዳዳ የሚባል ነገርም የለም።

በክሪስታል ውስጥ የሚቆጠረው ግን የቁሱ ቀዳዳ ሳይሆን የኤሌክትሮኖቹ ሞገድ ጥምዘት ነው። ኤሌክትሮን በክሪስታል ውስጥ የሚጓዘው በሞገድ መልክ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሞመንተም (የእንቅስቃሴው መጠንና አቅጣጫ) ሞገዱ የራሱ የሆነ አቋም አለው። ሞመንተሙን ጥቂት በጥቂት እየለወጥን ዙረን ከተነሣንበት ስንመለስ፣ ይህ አቋም በመንገዱ ላይ ተጠማዝዞ ሊቆየን ይችላል። አንድ ረጅም መቀነት ወስደው ሁለቱን ጫፎች ቀጥ አድርገው ቢሰፏቸው ተራ ቀለበት ይወጣዎታል። ከመስፋትዎ በፊት አንዱን ጫፍ ቢገለብጡት ግን ጥምዘቱ እዚያው ታስሮ ይቀራል፤ ቢያሹትም፣ ቢጎትቱትም፣ አጥበው ቢተኩሱትም አይለቅም፤ ስፌቱን መፍታት ግድ ይሆናል። ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ቁስ ውስጥ የስፌቱን ሥራ የሚሠራው የኃይል ክፍተቱ ነው፤ ኤሌክትሮኖች ሊቆሙባቸው የሚችሉት የኃይል እርከኖች «ባንድ» ይባላሉ፤ ክፍተቱም ኤሌክትሮኖች በሞሉበት ባንድና ከበላዩ ባለው ባዶ ባንድ መካከል ያለው፣ ኤሌክትሮን ሊቆምበት የማይችለው እርከን ነው። ይህ ክፍተት እስካልተዘጋ ድረስ የጥምዘቱ ቁጥር አይነካም።

ጠርዙ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍበት ምክንያትም ከዚሁ ይመነጫል። የተጠማዘዘው ቁስ ካልተጠማዘዘው አየር ጋር በሚዋሰንበት መስመር ላይ ቁጥሩ ከአንድ ወደ ዜሮ መውረድ አለበት፤ ክፍተቱ ሳይዘጋ ደግሞ ቁጥሩ ሊወርድ አይችልም። ስለዚህ ክፍተቱ በድንበሩ ላይ በግድ ይዘጋል፤ ክፍተት በሌለበትም ኤሌክትሮን እንደ ልቡ ይሄዳል። ጠርዙን ቢቆርጡት አዲሱ ጠርዝ ያንኑ ጠባይ ይዞ ይገኛል።

ይህ የወረቀት ላይ ሐሳብ ብቻ እንዳይመስል አንድ ቁጥር ልጨምር። ጀርመናዊው ክላውስ ፎን ክሊትዚንግ በ1980 ግሬኖብል ከተማ በሚገኘው የኃይለኛ ማግኔት ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በስስ የኤሌክትሮኖች ንብርብር ላይ ከጅረቱ በተሻጋሪ አቅጣጫ የለካው ሬዚስታንስ (ቁሱ ጅረትን የሚቋቋምበት መጠን) 25,812.8 ኦም ከሚባል ቁጥር ወይም ይህ ቁጥር በሙሉ ቁጥሮች ሲካፈል ከሚገኙት ውጤቶች ላይ እየረጋ ይቆም ነበር። ናሙናው ሰፋ ጠበብ ቢል፣ ጥቂት ቆሻሻ ቢኖርበትም ቁጥሩ ፈቀቅ አላለም። በ1982 ዴቪድ ታውለስና ባልደረቦቹ ያ ሙሉ ቁጥር የሞገዱ ጥምዘት ቁጥር መሆኑን አሳዩ። እኔ በበኩሌ ሒሳብ በዕቃ ላይ ሲታይ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አላውቅም።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ጥቁር ልብስ ፀሐይ ላይ ብናሰጣ ይሞቃል፤ ብርሃን በቁስ ላይ ሲያርፍ የሚያደርገው ይኸው ነው። ታዲያ «ብርሃን የቁስን ጠባይ ለወጠ» ማለት «ብርሃን ቁሱን አሞቀው» ከማለት በምን ይለያል?

መልስ፦ ጠያቂያችን የጉዳዩን ልብ ነክተዋል። በዚህ መስክ የሚነሡት ክርክሮች አብዛኞቹ ከዚህ ጥያቄ የሚወለዱ ስለሆኑ ጊዜ ወስጄ እመልሳለሁ።

ሙቀት ማለት ሥርዓት የሌለው እንቅስቃሴ ነው። ምጣድ ሲግል አቶሞቹ በየራሳቸው አቅጣጫና በየራሳቸው ጊዜ ይርገበገባሉ፤ አንዱ ከሌላው ጋር ስምምነት የለውም። የሌዘር ብርሃን ግን ከፀሐይና ከአምፖል ብርሃን የሚለየው ሞገዱ አንድ ምት ጠብቆ የሚጓዝ በመሆኑ ነው፤ ኤሌክትሪካዊ መስኩም ያገኛቸውን ኤሌክትሮኖች ሁሉ በአንድ ምት ወዲያና ወዲህ ይነዳቸዋል። ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠን ልጅ እንደመጣልን መግፋትና ምቱን ጠብቆ መግፋት ምን ያህል እንደሚለያዩ ገፍቶ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ምቱን የጠበቀ ንቅናቄ ከዚህም አልፎ ቀድሞ ያልነበረ እርጋታ ሊፈጥር ይችላል። ሩሲያዊው ፒዮትር ካፒትሳ በ1951 እንዳስረዳው፣ ወደ ታች የሚንጠለጠል ዘንግ የታሰረበት ነጥብ በበቂ ፍጥነት ወደ ላይና ወደ ታች ከተናጠ ዘንጉ ተገልብጦ ሽቅብ ሲያቆሙት ሳይወድቅ ይቆማል፤ መናጡ ሲቆም ይወድቃል። ዘንጉን ያቆመው ሙቀት ሳይሆን ምቱ ነው።

በምት ስለሚነዱ ነገሮች የሚያስረዳውን ሒሳብ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፍሎኬ በ1883 አዘጋጅቶት ነበር፤ ስለ ሌዘርም ሆነ ስለ ኳንተም ገና ምንም ባልታወቀበት ዘመን ማለት ነው። በእርሱ ሒሳብ መሠረት፣ በብርሃን ምት የሚነዳ ኤሌክትሮን የራሱ የኃይል ባንድ ብቻ ሳይሆን ከበላዩና ከበታቹ ልክ በአንድ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ኃይል የሚራራቁ የባንዱ ግልባጮች ይኖሩታል። ኤሌክትሮኑ ብርሃኑን ለብሶታል ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ የምናጠናው ኤሌክትሮኑን ለብቻው ወይም ብርሃኑን ለብቻው ሳይሆን ሁለቱን በአንድነት ነው። ግልባጮቹ እርስ በርሳቸው በሚሻገሩበት ቦታ አዲስ ክፍተት ሊከፈት ይችላል። ቀደም ብለን እንዳየነው ደግሞ ክፍተት ሲዘጋና ሲከፈት የጥምዘቱ ቁጥር ሊለወጥ ይችላል። ብርሃን ቶፖሎጂን የሚነካበት በር ይህ ነው።

አሁን ወደ እንዝርት እንምጣ። ፈታይዋ ባዘቶውን ይዛ እንዝርቱን ወደ ቀኝ ስታሾር ፈትሉ ወደ አንድ ወገን ይከራል፤ ወደ ግራ ብታሾረው ወደ ሌላው ወገን ይከራል። የጥጡ ዓይነት አልተለወጠም፤ የክሩን ጥምዘት የወሰነው የሽክርክሪቱ አቅጣጫ ነው። ብርሃንም እንዲህ ሊሽከረከር ይችላል። ክብ ፖላራይዜሽን ያለው በሚባለው ብርሃን ውስጥ የኤሌክትሪካዊ መስኩ አቅጣጫ ብርሃኑ ወደ ፊት እየተጓዘ ሳለ እንደ ብሎን ጥርስ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ይዞራል። በ2009 የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲዎቹ ታካሺ ኦካና ሂዴዎ አኦኪ እንዲህ ያለው ብርሃን በግራፊን ላይ ቢያርፍ ምን እንደሚሆን አሰሉ። ግራፊን የአንድ አቶም ውፍረት ብቻ ያለው፣ አቶሞቹ እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ማዕዘን የተደረደሩበት የካርቦን ንጣፍ ነው፤ በተፈጥሮው ሁለቱ ባንዶቹ በነጥብ ስለሚነካኩ ክፍተት የለውም። ስሌቱ እንዳሳየው የሚሽከረከረው ብርሃን በእነዚያ ነጥቦች ላይ ክፍተት ይከፍታል፤ የተከፈተውም ክፍተት የተጠማዘዘ ነው። በመሆኑም ማግኔት ሳይኖር ኤሌክትሪክ ወደ ጎን መፍሰስ ይጀምራል፤ የብርሃኑ ሽክርክሪት ከቀኝ ወደ ግራ ሲለወጥ ፍሰቱም አብሮ ይገለበጣል።

የፊዚክስ ሊቁ ደንከን ሃልዴን በ1988 ያለ ውጫዊ ማግኔታዊ መስክ እንዲህ ያለ ጠባይ ሊኖር እንደሚችል በማር እንጀራ ቅርጽ ላይ በተሠራ ሞዴል አሳይቶ ነበር፤ በዚያው ጽሑፉ ግን ሞዴሉ እንዳለ በተግባር ይገኛል ተብሎ እንደማይጠበቅ ገልጿል። ሃልዴን፣ ታውለስና ማይክል ኮስተርሊትዝ የኖቤልን ሽልማት የተጋሩት በ2016 ነው። ሃልዴን በሞዴሉ ውስጥ በእጅ ያስገባውን ጥምዘት ብርሃን በተግባር ሊያስገባው ይችላል መባሉ ብዙ ተመራማሪዎችን ወደዚህ ሥራ ስቧል።

ጠያቂያችን ልብ ሊሉት የሚገባው ልዩነት እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ሙቀት ቀኝና ግራ አያውቅም። ናሙናውን ብናሞቀው ኖሮ የብርሃኑን ሽክርክሪት መገልበጣችን ምንም ለውጥ ባላመጣ ነበር። ውጤቱ ከሽክርክሪቱ ጋር ከተገለበጠ ግን ሥራውን የሠራው ሙቀት ብቻ ሊሆን አይችልም። ይህ ማለት ሙቀት የለም ማለት አይደለም፤ ሙቀት በዚህ ሥራ ውስጥ ዋናው ጠላት ነው። የሚከፈተው ክፍተት በኤሌክትሪካዊ መስኩ ብርታት ካሬ ያድጋል፤ በብርሃኑ ድግግሞሽ ሦስተኛ ርቢ ደግሞ ያንሳል። ይህም ማለት መስኩ ሳይለወጥ ድግግሞሹ በግማሽ ቢቀነስ ክፍተቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ተመራማሪዎቹ በዓይን ከሚታየው ብርሃን ይልቅ ድግግሞሹ ዝቅ ያለውን ኢንፍራሬድን የሚመርጡት። የሚያስፈልገው መስክ እጅግ ብርቱ ስለሆነ ብርሃኑ ያለማቋረጥ ቢበራ ናሙናው ይቃጠላል። ስለዚህ የሚላከው በጣም አጭር በሆነ ብልጭታ ነው።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ እጽፋለሁ። ስሌቱ መልካም ነው፤ ግን በዓይኑ ያየው አለ? ካየስ እንዴት አየው?

መልስ፦ አለ። የመጀመሪያው ግልጽ ምስክርነት የመጣው በ2013 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ከኑህ ጌዲክ ቡድን ነው። ቡድኑ የተጠቀመበት ቁስ ቢስመዝ ሴሌናይድ ይባላል። ቁሱ የሚያብረቀርቅ ግራጫ ክሪስታል ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው አንድ ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸው ንብርብሮች ተደራርበው የሠሩት ነው። ንብርብሮቹ እርስ በርስ የተያያዙት በደካማ ኃይል ስለሆነ በቀላሉ ይላቀቃሉ። የዚህ ቁስ የቅርብ ዘመድ የሆነው ቢስመዝ ቴሉራይድ በትናንሽ የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ለዓመታት ሲያገለግል የኖረ ነው።

እንዲህ ባለው ሥራ ላይ የክሪስታሉ ገጽ ፍጹም ንጹሕ መሆን አለበት፤ አየር ከነካው ባዕዳን አቶሞች ወዲያው ይለጠፉበታል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ በክሪስታሉ አናት ላይ አንዲት ትንሽ ዘንግ በሙጫ ተለጥፋ ክሪስታሉ አየሩ ወደ ተመጠጠለት የብረት ክፍል ይገባል። ውስጥ ከገባ በኋላ ዘንጓ ተገፍታ ስትወድቅ የላይኛዎቹን ንብርብሮች ይዛ ትሄዳለች፤ ከሥር ማንም ያልነካው አዲስ ገጽ ይገለጣል። ከዚያ ሁለት ብልጭታዎች ይላካሉ። የመጀመሪያው የኢንፍራሬድ ብልጭታ ሲሆን ኤሌክትሮኖቹን በምት የሚነዳው እርሱ ነው፤ በዚያ ሙከራ የሞገድ ርዝመቱ 10 ማይክሮሜትር ገደማ ነበር። ሁለተኛው የአልትራቫዮሌት ብልጭታ ነው፤ አንስታይን በ1905 ባስረዳው መንገድ ኤሌክትሮኖችን ከገጹ ላይ እየነቀለ ያወጣል። የወጡት ኤሌክትሮኖች በየትኛው አቅጣጫና በምን ያህል ኃይል እንደበረሩ ሲለካ በቁሱ ውስጥ ሳሉ የነበራቸው ባንድ ይሳላል።

በሁለቱ ብልጭታዎች መካከል ያለውን የጊዜ ልዩነት የሚወስነው አንድ የሚንቀሳቀስ መስታወት መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። መስታወቱ 15 ማይክሮሜትር፣ ይኸውም ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ያነሰ ርቀት፣ ወደ ኋላ ሲሳብ የብርሃኑ ደርሶ መልስ መንገድ በ30 ማይክሮሜትር ይረዝማል፤ ብልጭታውም በ100 ፌምቶሰከንድ ይዘገያል። ፌምቶሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ እንደገና ለሚሊዮን ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ አንድ ፌምቶሰከንድ ለአንድ ሰከንድ ያለው ድርሻ አንድ ሰከንድ ለ32 ሚሊዮን ዓመታት ካለው ድርሻ ጋር ይተካከላል። ይህን ያህል ደቃቅ ጊዜ የሚለካ ሰዓት የለም፤ የሚለካው በርቀት ነው።

የተገኘው ሥዕል ስሌቱ የተናገረውን አሳየ። ብርሃኑ ባለበት ቅጽበት የባንዱ ግልባጮች በፎቶኑ ኃይል ልክ ተራርቀው ታዩ፤ ግልባጮቹ በሚሻገሩበትም ክፍተት ተከፈተ። ብርሃኑ በአንድ መስመር ብቻ የሚወዛወዝ ሲሆን ሁለቱ ባንዶች የሚነካኩበት ዋናው ነጥብ አልተነካም፤ የሚሽከረከር ብርሃን ሲላክ ግን እዚያም ክፍተት ተከፈተ። በ2023 ደግሞ የማርቡርግና የሬገንስቡርግ ተመራማሪዎች በቢስመዝ ቴሉራይድ ገጽ ላይ ባደረጉት ሙከራ እነዚህ ባንዶች ለመፈጠር የሚወስድባቸው ጊዜ አንድ የብርሃን ዑደት ያህል ብቻ መሆኑን አሳይተዋል።

የግራፊን ታሪክ ግን ቀላል አልነበረም። በ2020 ሃምቡርግ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም የአንድሬያ ካቫሌሪ ቡድን ከዜሮ በታች 193 ዲግሪ ድረስ በቀዘቀዘ ግራፊን ላይ 500 ፌምቶሰከንድ የሚቆይ የሚሽከረከር ኢንፍራሬድ ብልጭታ ልኮ፣ ወደ ጎን የሚፈሰውን የኤሌክትሪክ ጅረት በቀጥታ ለካ። የብርሃኑ ሽክርክሪት ሲገለበጥ ጅረቱም ተገለበጠ። መለኪያው ራሱ የሚያስደንቅ ነው፤ ማንኛውም ተራ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ለዚህ ፍጥነት ዘገምተኛ ስለሆነ ጅረቱን የሚይዘው ማብሪያ ማጥፊያም በብርሃን የሚሠራ ሆኖ እዚያው በናሙናው ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ ነበር።

ይሁን እንጂ «ጅረቱ በሙሉ ከተጠማዘዙት ባንዶች የመጣ ነው» ማለት አይቻልም። ብርሃኑ ኤሌክትሮኖችን ወደ ላይኛው ባንድ ሲያነሣቸው እኩል አድርጎ ስለማይበትናቸው፣ ይህ የሥርጭት አለመመጣጠን ራሱ ወደ ጎን የሚሄድ ጅረት ሊፈጥር ይችላል፤ በኋላ የተደረጉ ስሌቶችም ድርሻው ትልቅ መሆኑን አመልክተዋል። በግራፊን ውስጥ የባንዶቹ ግልባጮች በቀጥታ መታየታቸው የተዘገበው በ2025 ነው፤ ዘገባው ከጎቲንገንና ከማሳቹሴትሱ ተቋም በተናጠል ወጥቷል። በግራፊን ውስጥ ኤሌክትሮኖች እጅግ በፍጥነት ስለሚጋጩ የብርሃኑ ምት ሥራውን ሳይጨርስ ይደፈርሳል ብለው የሚጠራጠሩ ነበሩ። ጥርጣሬው ሙከራውን አጠራው እንጂ አልጎዳውም ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ብርሃኑ ሲጠፋ ሁሉም ወደ ነበረበት የሚመለስ ከሆነ ምን ጥቅም አለው? የሚቀር ለውጥ የለም? (ከጎንደር አንድ አንባቢ)

መልስ፦ ስለ ግራፊን ያሉት እውነት ነው። የእንዝርቱ ምሳሌም ይህን ያሳያል፤ የከረረው ፈትል ወደ ልቃቂቱ ሳይጠቀለል ጫፉ ቢለቀቅ ጥምዘቱ ተመልሶ ይፈታል። ብርሃን የሚጠቀምበት ሌላ መንገድ ግን አለ፤ ኤሌክትሮኖቹን በምት ከመንዳት ይልቅ አቶሞቹን ራሳቸውን ከቦታቸው ማንሸራተት። አቶሞቹ ሲንሸራተቱ የክሪስታሉ ሲሜትሪ (የአቶሞቹ አደራደር መመሳሰል) ይለወጣል፤ ሲሜትሪው ሲለወጥ ቶፖሎጂውም አብሮ ሊለወጥ ይችላል።

በ2019 ካሊፎርኒያ ባለው የስላክ ቤተ ሙከራ በተንግስተን ቴሉራይድ ላይ የታየው እንዲህ ያለው ነው። ይህ ቁስ ዋይል ሴሚሜታል ከሚባሉት ወገን ሲሆን፣ ባንዶቹ በተወሰኑ ነጥቦች ላይ ይነካካሉ፤ ነጥቦቹ ሊኖሩ የቻሉት የክሪስታሉ ንብርብሮች ግራና ቀኙ በማይመሳሰል አኳኋን ስለተደረደሩ ነው። የቴራኸርዝ (ድግግሞሹ ከኢንፍራሬዱም ያነሰ ብርሃን) ብልጭታ ሲላክበት ንብርብሮቹ እንደ ተደራረቡ የመጽሐፍ ገጾች አንዱ በሌላው ላይ ወዲያና ወዲህ መንሸራተት ጀመሩ፤ አንድ ደርሶ መልስ የሚወስደው ጊዜ አራት ፒኮሰከንድ፣ ይኸውም አራት ሺህ ፌምቶሰከንድ ያህል ነው። መንሸራተቱ ክሪስታሉን ወደ ተመሳሳይ ግራና ቀኝ ስለሚገፋው ነጥቦቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እየተጠፋፉ ይሄዳሉ። አቶሞቹ የሄዱበት ርቀት ከአንድ አቶም ስፋት እጅግ ያነሰ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ይህን ያዩት በብርሃን ፈንታ የኤሌክትሮኖች ብልጭታ ተጠቅመው ነው። ይህም ቢሆን ለዘለቄታው የሚቀር አይደለም።

የሚቆየው ለውጥ የታየው ከማግኔት ጋር በተቆራኙት ቁሶች ነው። ማንጋኒዝ ቢስመዝ ቴሉራይድ በሚባለው ቁስ ውስጥ የአንዱ ንብርብር ማግኔትነት ወደ ላይ፣ የቀጣዩ ወደ ታች እያለ ይቀያየራል። ከላይ የሚጀምረው የትኛው እንደሚሆን ለመምረጥ ተራ ማግኔት አይረዳም፤ ሁለቱም ድርድሮች ሲደመሩ ዜሮ ናቸውና። በ2023 የወጣው የሃርቫርድ ቡድን ሥራ ግን የሚሽከረከር ብርሃን ምርጫውን ሊያደርግ እንደሚችል አሳይቷል። ቁሱ ከዜሮ በታች 248 ዲግሪ ገደማ ላይ ወደ ማግኔታዊ ሥርዓቱ ሲገባ ብርሃኑ በቀኝ ከዞረ አንዱ ድርድር፣ በግራ ከዞረ ሌላው ይሰፍናል፤ ብርሃኑ ከጠፋም በኋላ ድርድሩ እንደተቀመጠ ይቀራል። ቶፖሎጂያዊ ቁስ ላይ በብርሃን ጽፎ መተው ማለት ይህ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ ተስፋ የሰጠኝም እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ በአዳማ የሞባይልና የኮምፒውተር ጥገና እሠራለሁ። ይህ ነገር ወደ እጃችን የሚገባው መቼ ነው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ዛሬ ባለው ሁኔታ ቀን መቁጠር አይቻልም፤ ምክንያቱን እርስዎ በሙያዎ በሚያውቁት ቋንቋ ልናገር። አንድ ፕሮሰሰር ሲግል ምን እንደሚሆን ያውቃሉ፤ ጅረት በሽቦና በትራንዚስተር ሲያልፍ የሚባክነው ኃይል ሙቀት ይሆናል። ፍጥነቱም ለብዙ ዓመታት በጥቂት ጊጋኸርዝ ላይ የቆመበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሙቀት ነው። በቶፖሎጂያዊ ጠርዝ ላይ የሚሄድ ጅረት ወደ ኋላ ስለማይመለስ ብክነቱ ያነሰ ነው፤ በብርሃን የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱ በጊጋኸርዝ ሳይሆን ሺህ እጥፍ በሚበልጠው በቴራኸርዝ ሊቆጠር ይችላል። ተስፋው ይህ ነው።

እንቅፋቱ ደግሞ ሌዘሩ ነው። ዛሬ እነዚህን ብልጭታዎች የሚያመነጨው መሣሪያ ትልቅ ጠረጴዛ ሙሉ የሚይዝ ነው፤ ናሙናው ብዙ ጊዜ በፈሳሽ ናይትሮጅን ወይም በፈሳሽ ሂሊየም መቀዝቀዝ አለበት፤ ለአንዲት የጅረት ብልጭታ የሚወጣው የብርሃን ኃይል ጅረቱ ከሚቆጥበው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ «ብርሃን የሚቆጣጠረው ቺፕ» እየተባለ የሚወራውን በጥርጣሬ ቢሰሙት መልካም ነው። እስካሁን የተገኘው ዕውቀት ነው፤ አንድ ቁስ ከማዕድን ማውጫው ይዞት ከመጣው ጠባይ ሌላ ጠባይ ሊሰጠው እንደሚችል ማወቅ።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የሚሽከረከር ብርሃን የምትሉትን በቤት ውስጥ ማየት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ በመጠየቅሽም ደስ ብሎናል። ዓይናችን የብርሃንን ሽክርክሪት ለይቶ አያይም፤ የሚለይ መነጽር ግን አለ። ባለ ሦስት አውታር (3D) ፊልም በሚታይባቸው ብዙ ሲኒማ ቤቶች የሚሰጠው የፕላስቲክ መነጽር አንደኛው ሌንሱ በቀኝ የሚዞረውን፣ ሌላኛው በግራ የሚዞረውን ብርሃን ብቻ ያሳልፋል። ፊልሙ ለሁለቱ ዓይኖች ሁለት የተለያዩ ሥዕሎችን የሚያደርሰው በዚህ ነው።

እንዲህ ያለ መነጽር ከዘመድ ወይም ከጓደኛ ካገኘሽ አድርጊውና መስታወት ፊት ቁሚ። ከዚያ ግራ ዓይንሽን ጨፍነሽ በቀኝ ዓይንሽ ብቻ ተመልከቺ። የምታዪው ያልጠበቅሽውን ነው፤ ክፍት በሆነው በቀኝ ዓይንሽ በኩል ያለው ሌንስ ጠቁሮ ዓይንሽን ይሸፍነዋል፤ የጨፈንሽው ግራ ዓይን ግን ጥርት ብሎ ይታያል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ከቀኝ ዓይንሽ ተነሥቶ በመነጽሩ በኩል የወጣው ብርሃን በአንድ አቅጣጫ እየተሽከረከረ ይሄዳል፤ መስታወቱ ሲመልሰው ግን ሽክርክሪቱ ይገለበጣል፤ ስለዚህ በወጣበት ሌንስ ተመልሶ መግባት አይችልም። ከግራ ዓይንሽ የወጣው ደግሞ ተገልብጦ ሲመጣ ለቀኙ ሌንስ የሚስማማ ሆኖ ይገኛል። መነጽሩ ሌላ ዓይነት፣ ብርሃንን በቀጥታ መስመር ብቻ የሚለይ ከሆነ የምታዪው ተቃራኒውን ይሆናል፤ ክፍቱ ዓይን ይታያል፣ የተጨፈነው ይጠቁራል። በሃምቡርግ ግራፊኑ ላይ ጅረቱን ወደ አንዱ ጎን ወይም ወደ ሌላው ያዞረው በእነዚህ በሁለቱ ሽክርክሪቶች መካከል ያለው ልዩነት ነው።